ስለተደፋው የልጣጭ ውሃ

ለምርምር ማዕከሉ ዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 11

አመልካች፦ የጭማቂ ቤት ባለቤት፣ የተሰናበተችው ተማሪ አጎት

ጉዳዩ፦ ሙከራው የተበላሸው ልጣጩን ቀቅለው ውሃውን በደፉት ሰዎች ሆኖ ሳለ «ውጤት ፈጥራለች» ተብላ የተሰናበተችው የእህቴ ልጅ ጉዳይ እንደገና እንዲታይልኝ ስለማመልከት

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ይህን ማመልከቻ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴን በትሕትና ለመጠቅለል ሞክሬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ሦስተኛው ይኸው። በመካከሉ የሚጎረብጥ ቃል ቢያጋጥምዎ ለወንበርዎ ካለኝ አክብሮት ጉድለት እንዳይቆጥሩብኝ። ጉርብጥብጡ የመጣው ከቢሮዎ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ካለው ላቦራቶሪ ነው።

1. እኔ ከማዕከሉ ዋና በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ጭማቂ ቤት ከከፈትኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያስተማሩኝ ብሌንደሩ፣ ደንበኞች ጥለውት የሚሄዱት ጋዜጣ እና የእህቴ ልጅ ደብተር ናቸው። ሰፈሩ «ጋሼ ልጣጭ» ይለኛል። የማዕከልዎ ሠራተኞችም በዚህ ስም ይጠሩኛል፤ አልተቀየምኩም። በቃለ ጉባኤ ላይ ግን «ጋሼ ልጣጭ የተባለው ግለሰብ» ተብሎ መጻፉ አሳዝኖኛል። «ጋሼ» ያለ «ግለሰብ» አይልም፤ «ግለሰብ» ያለም «ጋሼ» አይልም። ኮሚቴው አንዱን ይምረጥ።

2. ተማሪዋ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። እናቷ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ እስክትመለስ ድረስ ከትምህርት ቤት መጥታ የምትቀመጠው እኔ ዘንድ፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ባለችው ጠረጴዛ ነበር። የቤት ሥራዋን የሠራችው በማንጎ ልጣጭ መሀል ነው፤ ደብተሯ ላይ የጭማቂ ጠብታ ያላየ አስተማሪ የለም። አድጋ የማዕከልዎ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስትሆን አስፋልቱን ተሻገረች እንጂ ሩቅ አልሄደችም። ነጭ ጋውኗን ለብሳ በበሩ ስትገባ ባየሁ ቁጥር ደንበኛ እያስጠበቅሁ እቆም ነበር።

3. ምርምሩ የተጀመረው በእኔ ቆሻሻ ነው። ፓሽን ፍሩት ከሩቅ የመጣ ፍሬ ነው፤ ሰው ውስጡን ይጠጣል፣ ሐምራዊ ልጣጩን እኔ እጥላለሁ። በቀን ሁለት ጆንያ ይወጣኛል። አንድ ቀን ጆንያውን ስጎትት አየችኝና «አጎቴ፣ ይኼ የምትጥለው ለማን ምግብ እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ለላም» አልኳት።

«ሆድህ ውስጥ ላሉት ነው።»

«ሆዴ ውስጥ ማን አለ?»

«ቢሊዮን ባክቴሪያ።»

«ታዲያ ሳልጠራቸው የመጡ እንግዶች ናቸዋ!» ብላት «እነሱ ባይኖሩ አንተም ይህን ያህል ለመቀለድ አቅም አታገኝም ነበር» አለችኝ።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። በልጣጩ ነጭ ክፍል ውስጥ ያለውን ፋይበር የእኛ ሆድ ሊፈጨው አይችልም። ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ የሚኖሩት፣ ለጤናችን የሚረዱን ባክቴሪያዎች ግን ይመገቡታል፣ ይበዙበታል። እንዲህ ያለውን፣ ለእኛ ሳይሆን ለእነሱ የሚሆን ምግብ «ፕሪባዮቲክ» ይሉታል። የእሷ ሥራ የፓሽን ፍሩት ልጣጭ ይህ ችሎታ ይኖረው እንደሆነ መፈተሽ ነበር።

4. አሠራሯን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት መጥታ ትኩሱን ልጣጭ ትመርጣለች፤ የተጨማደደውን ትመልስብኛለች። በሥራ ዘመኔ ቆሻሻዬን አማርጦ የመለሰብኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። በቀዝቃዛ ውሃ ፈጥና ታለቀልቀዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ ትፈጨዋለች። ዱቄቱን በሎሚ አሲድ በኮመጠጠ ሙቅ ውሃ ለአንድ ሰዓት ታቆየዋለች። ከዚያ ታጠልላለች። ውሃው ላይ አልኮል ስትጨምር ፋይበሩ እንደ ጥጥ ተጠቅልሎ ይወጣል። ባክቴሪያዎቹን የምትመግበው ያንን ጥጥ ነው። አንድ ነገር ብቻ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ፦ ዝቃጩን ትጥላለች፤ ውሃውን ትይዛለች።

5. ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ሦስት ጊዜ ሠራችው። ሦስቱንም ጊዜ፣ ባክቴሪያዎቹን ካሳደገችባቸው የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ ፋይበር ያገኙት ደፈረሱ፤ ያላገኙት እንደጠሩ ቀሩ። መድፈረሱ ባክቴሪያዎቹ ለመብዛታቸው ምልክት ነው። በደብተሯ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የላቦራቶሪው ኃላፊ ፊርማ አለ። በመጨረሻው ገጽ ላይ በእጅ ጽሑፏ «ይህ በቱቦ ውስጥ የታየ ነው፤ በሰው ሆድ ውስጥም እንዲሁ ይሆናል ለማለት አይቻልም» ይላል። ውሸታም ሰው በገዛ አፉ ላይ እንዲህ ያለ ልጓም አያስርም።

6. ጥር 15 ቀን በማዕከሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ አዲስ የንጽሕና መመሪያ ተለጠፈ። ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ልጣጭ ላቦራቶሪ ከመግባቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ይቀቀል፣ ሦስት ጊዜ ይታጠብ፣ ይድረቅ ይላል። መመሪያው የወጣው ከአንድ ጆንያ የድንች ልጣጭ ጋር ጉንዳን ስለገባ ነው ተብሏል። ጉንዳኖቹን አልወቅስም፤ እነሱ የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር።

የካቲት 9 ቀን የእህቴ ልጅ ሙከራ በሌሎች እጅ እንዲደገም ታዘዘ። ይህ ደንብ ነው፤ ተገቢም ነው። የገዛ ሥራዋ በመሆኑ እሷ ክፍሉ ውስጥ እንዳትገኝ ተደረገ፤ ይህንንም አልቃወምም። ጆንያውን ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ጥበቃው ከበር ተቀብሎ መለሰኝ። እሷም እኔም ሳናውቅ፣ ልጣጩ ግማሽ ሰዓት ተንፈቀፈቀ። ውሃው ላቫንዲኖ ውስጥ ተደፋ። ልጣጩ ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ተፈጨ። የእሷ አሠራር «ቃል በቃል» የተደገመው ከዚያ በኋላ ነው። ቱቦዎቹ አልደፈረሱም። እንዴት ይድፈረሱ? ምግቡ በቧንቧ ወርዷል። ታልባ ያለቀች ላም እንደገና አልበው «ይህች ላም ወተት ኖሯት አያውቅም» አሉ።

7. ይህን ስህተት የማውቀው እኔም ስለሠራሁት ነው። ሱቁን በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት ከፓሽን ፍሩት ልጣጭ ማርማላታ ልሠራ ተነሣሁ። ምሬቱ ይውጣ ብዬ ቀቅዬ ውሃውን ደፋሁ፤ ደግሜ ቀቅዬ ደፋሁ፤ ንጹሕ ሰው ነኝ ብዬ። ከዚያ ስኳር ጨምሬ ክንዴ እስኪዝል ባማስለው እንደ ሾርባ ፈሰሰ። እህቴ «ማንኪያውን ተውና በስትሮው አቅርበው» ብላ ሳቀችብኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ውሃውን ሳልደፋ ብሠራው ማንኪያ አቆመ። የሚያረጋው ነገር ያለው ውሃው ውስጥ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ኋላ እንደነገረችኝ ያ የሚያረጋው ነገር እሷ የምትፈልገው ፋይበር ራሱ ነው። ይህን ለማወቅ እኔ አንድ ድስት ማርማላታ አበላሽቻለሁ። ማዕከልዎ ግን አንድ ሰው እያበላሸ ነው።

8. የካቲት 24 ቀን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ መሀል ላይ የእኔ ጆንያ። ልጣጭ አቅራቢ ነህ ተብዬ ለምስክርነት ተጠራሁ። ጆንያው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ የጻፍኩት ነበር፦ «ተአምረኛ ልጣጭ፣ ለታሰረ ሆድ፣ ለተቋጠረ ፊት።» የጻፍኩት ቴክኒሻኖቹን ለማሳቅ ነው፤ ስቀውም ነበር። የላቦራቶሪው ኃላፊ በእርሳስ ጫፍ እየነኩት «ይህን ምን ይሉታል?» አሉኝ። አፌን መያዝ ሲገባኝ «አንድ ማንኪያ ቢሞክሩት ሁለቱም ይፈታልዎት ነበር» አልኩ።

አራቱ ሳቁ። አምስተኛው ጻፉ። በቃለ ጉባኤው የወጣው ይህ ነው፦ «አቅራቢው ምርቱን የሆድ መድኃኒት አድርጎ እንደሚያሻሽጥ በአንደበቱ አረጋግጧል፤ ይህም ተማሪዋ ውጤቱን ለቤተሰብ ንግድ ስትል እንደፈጠረች ያመለክታል።» አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፌ ክፉኛ ያመለጠኝ ግን ያን ቀን ነው።

ስወጣ የእህቴ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። አልጮኸችብኝም። «አጎቴ፣ ለአንድ ቀን ዝም ብትልልኝ ምን ነበረበት?» አለችና ሄደች። ይኸው አሥራ ሰባት ቀን ከማቀዝቀዣው ጀርባ ያለችው ጠረጴዛ ባዶ ናት። ደንበኛ ሲበዛ «እዚያ ጋ ቦታ አለ» ይሉኛል። የለም እላለሁ።

9. ስለ «ቤተሰብ ንግድ» የምመልሰው አጭር ነው። ባለፈው ኅዳር ሱቄ በር ላይ «የልጣጭ ዱቄት፦ አንጀትዎ ያመሰግንዎታል» የሚል ካርቶን ሰቅዬ ነበር። የሚሸጥ ዱቄት እንኳ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ካርቶን ነው። አይታ ከነምስማሩ ነቀለችውና ጀርባው ላይ «ያልተረጋገጠ ነገር ለሰው አትንገር» ብላ ጽፋ መለሰችልኝ። ቀኑም አለበት፤ እሷ ያለ ቀን አትጽፍም። ካርቶኑ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ለአጎቷ ንግድ ብላ ትዋሻለች የተባለችው ይህችው ናት።

10. መጋቢት 2 ቀን የማዕከልዎን ቧንቧ የሚጠግነው ሰው ሱቄ ገብቶ አናናስ አዘዘና ለብቻው መሳቅ ጀመረ።

«ጋሼ ልጣጭ፣ ይሄን ሳልነግርህ ሦስት ሳምንት! ከላቦራቶሪው ላቫንዲኖ ምን ባወጣ ጥሩ ነው?»

«አይጥ።»

«ኧረ የምን አይጥ! ሐምራዊ ዝልግልግ፣ ልክ እንደ ማርማላታህ። እጄ ላይ ተለጥፎ አልለቅም አለኝ እኮ። ልጣጭ ቀቅለው ውሃውን ደፍተውበት!»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ብርጭቆውን ከእጁ ወስጄ «ድገመው» አልኩት። ደገመው። ከዚያ ይዞት ከሚዞረው የሥራ ቅጽ ጥራዝ ውስጥ ገልጦ አሳየኝ፤ ግልባጩንም ሰጠኝ። በየካቲት 9 ቀን ተሞልቶ በቴክኒሻኑ የተፈረመው የጥገና መጠየቂያ «ልጣጭ የተቀቀለበት ውሃ ከተደፋ በኋላ ላቫንዲኖው ተደፍኗል» ይላል።

ቴክኒሻኑን አልከስም። የታዘዘውን ሠርቶ፣ የሠራውን በሐቅ ጽፏል። የምከሰው ይህን ወረቀት ሳይፈልጉ ሌላ ወረቀት የጻፉትን ነው። አምስት ሰዎች ሦስት ሰዓት ተቀምጠው ያላገኙትን እውነት አንድ የተደፈነ ቧንቧ ነግሮናል።

11. መጋቢት 4 ቀን የቅጹን ግልባጭ ይዤ የላቦራቶሪው ኃላፊ ዘንድ ቀረብኩ። «መመሪያው ለሁሉም እኩል ነው። የታጠበም ያልታጠበም፣ ልጣጭ ልጣጭ ነው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ የተቀቀለ የሻይ ቅጠልም ቅጠል ነው፤ ለእንግዳ ግን አይቀርብም። ይህንኑ ነገርኳቸው። «አንተ ደግሞ ሳይንስ ልታስተምረኝ ነው?» አሉ። አይደለም። ማርማላታ ነበር ላስተምራቸው የፈለግሁት፤ ሳይንሱን የእህቴ ልጅ በየገጹ አስፈርማቸዋለች። ቅጹን ሳያነቡ መለሱልኝ። ሲመልሱልኝም በሁለት ጣታቸው ነበር የያዙት፣ ወረቀቱ የሚያጣብቅ ይመስል።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ሰው ይሳሳታል። እኔም በድስቴ ተሳስቻለሁ። ተሳስቶ ሲነገረው ጆሮውን የሚደፍን ኃላፊ ግን ከተደፈነ ላቫንዲኖ ይብሳል፤ ለላቫንዲኖው ጠጋኝ አለው።

12. የስንብት ደብዳቤው መጋቢት 20 ይጸናል። ያን ቀን መደርደሪያዋ ይጸዳል፤ በማቀዝቀዣ ያስቀመጠቻቸው ባክቴሪያዎች ይወገዳሉ፤ ስሟም «ውጤት የፈጠረች» ከሚል ማስታወሻ ጋር ለሌሎች ተቋማት ይላካል። ከዚያ ወዲያ የትኛውም ላቦራቶሪ በር አይከፍትላትም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ይህች ልጅ ግን አልወደቀችም፤ ገፍተው ነው የጣሏት። የቀራት ዘጠኝ ቀን ነው።

ስለ ቧንቧው በእናቷ በኩል ላክሁባት። የመለሰችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ማስረጃ ይዞ ይሂድ፤ ቀልድ ይዞ እንዳይሄድ።» ስለዚህ በዚህ ማመልከቻ ውስጥ ቀልድ የሚመስል ነገር ካገኙ አምልጦኝ ነው፤ እንደሌለ ይቁጠሩልኝ።

13. በመሆኑም የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሀ) የስንብት ውሳኔው ከመጋቢት 20 በፊት እንዲታገድ፤ ቱቦዎቿና ባክቴሪያዎቿም እንዳይነኩ።

ለ) ሙከራው ለሁለት ተከፍሎ ጎን ለጎን እንዲደገም፦ አንዱ በመመሪያው ተቀቅሎ በታጠበ ልጣጭ፣ ሌላው እንደ እሷ አሠራር ባልተቀቀለ ልጣጭ። እጇን ሳታስገባ፣ ግን በዓይኗ እያየች። ልጣጩን እኔ አቀርባለሁ። ጆንያው ላይ ምንም አልጽፍም።

ሐ) በኮሚቴው ፊት የተናገርኩት ለእሷ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ በእኔ ስም እንዲመዘገብ። ቅጣት ካለው ቅጣቱ የእኔ ይሁን። ከግቢው ብታገድም እቀበላለሁ፤ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኜ ማየት ለምጃለሁ።

መ) ሙከራው እንደገና ተሠርቶ ቱቦዎቹ ጠርተው ከቀሩ፣ እኔ ራሴ መጥቼ የላቦራቶሪውን ኃላፊ በአምስቱም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከደፈረሱ ግን ይቅርታ የሚጠየቀው እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት፤ በተሰናበተችበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው መጠን ፊደል።

14. ከዚህ ማመልከቻ ጋር ሁለት ጠርሙስ ለጸሐፊዎ አስረክቤአለሁ። ቁጥር አንድ፣ ትናንት ጠዋት ልጣጭ ቀቅዬ ያጠለልኩት ውሃ ነው። ቁጥር ሁለት፣ ያንኑ ልጣጭ መመሪያዎ እንደሚያዘው ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ እንደገና ቀቅዬ ያጠለልኩት ነው። ለሁለቱም እኩል ስኳር፣ እኩል ሎሚ፣ እኩል ሰዓት በእሳት ላይ። እነዚህ ጠርሙሶች ስለ ባክቴሪያ ምንም አያረጋግጡም፤ እንዲህ ብል የእህቴ ልጅ ጠርሙሶቹን እንደ ካርቶኔ ትነቅላቸዋለች። የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፦ የሚፈለገው ነገር የት እንደሄደ።

ክዳናቸውን ከፍተው ይገልብጧቸው። ቁጥር ሁለትን ሲገለብጡ ግን ከበታቹ ወረቀት አይኑር፤ ይህ ቀልድ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። እኔ አፍሼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቁጥር አንድ ሲገለበጥ ከጠርሙሱ ከወደቀ ማመልከቻዬን ቀደው ይጣሉት። ካልወደቀ የእህቴን ልጅ ያስጠሩልኝ። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ እሷ ቆማበት በነበረው ግድግዳ በኩል እጠብቃለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር እንኳ አልመልስም። ለአንድ ቀን ዝም ማለት እንደምችል እንድታይ እፈልጋለሁ።

ቅሬታዬ ሳይቀነስ፣ ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የተማሪዋ አጎት፣ የጭማቂ ቤት ባለቤት

አባሪ፦
– የጥገና መጠየቂያ ቅጽ ግልባጭ፣ አንድ ገጽ
– ከነምስማር ቀዳዳው አንድ ካርቶን
– ሁለት ጠርሙስ

ግልባጭ፦
– ለሥነ ምግባር ኮሚቴው
– ለጥገና ክፍል፣ ከምስጋና ጋር
– ለእህቴ ልጅ፣ በእናቷ በኩል (ከእኔ እጅ አትቀበልምና)